የማን መሬት ላይ እንተኩስ?

በፊኒክስ ዙሪያ ያለውን በረሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ ሳጓሮ የሚባለው ተክል ፊት ሲደርስ ሳያስበው «ቁልቋል!» ይላል። የእኛ ቁልቋል አይደለም፤ በዘርም አይገናኙም። ነገር ግን እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በገደሉ ላይ ቆሞ ሲታይ፣ ሰው በባዕድ አገር የዘመዱን መልክ ያየ ያህል ልቡ ይላወሳል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ቁልቋል አይደለም። በዚያ በረሃ ዒላማ መተኮስ የፈለገ ሰው ሕግ ሳይጥስ የሚተኩስበትን ቦታ ለማግኘት ስለሚያየው አበሳ ነው። ቁልቋሉ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ከደጃፉ አቁሜዋለሁ።

አንባቢዬ ጉዳዩን የጥጋበኛ ጨዋታ አድርጎ እንዳያየው እለምናለሁ። ጎጃም ተወልዶ ያደገ አንድ ወዳጅ አለኝ። የአባቱን ምንሽር ሲወለውል ያደገ፣ በሰርግም በለቅሶም የተኩስ ድምፅ የሰማ ሰው ነው። ዲቪ ደርሶት መጥቶ፣ ዓመታት የጭነት መኪና ነድቶ፣ ከተረፈችው ገንዘብ አንድ ጠመንጃ ገዛ። የአሜሪካ ሕግ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ይህን አይከለክልም። የሚከለክለው እንዳይመስለው የት እንደሚተኩስ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን «ይህ ሁሉ በረሃ እያለ!» ብሎ ናቀው። እኔም አብሬው ናቅሁ።

በአንድ የክረምት ቅዳሜ፣ የእህቱን ልጅ ጨምረን ሦስት ሆነን ወጣን። ልጁ በተማሪ ቪዛ የመጣ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን በአቧራማ መንገድ ጥቂት እንደ ሄድን፣ ቀለህ እንደ ጠጠር የተነጠፈበት ሜዳ አገኘን። የተሰባበረ ቴሌቪዥን፣ የተበሳሳ ማቀዝቀዣ፣ የጠርሙስ ስባሪ። ሰው ሁሉ የሚተኩስበት ስለሆነ የተፈቀደ ነው ብለን ደመደምን። (ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ሕግ የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ በአገራችንም አይተነዋል።) ወዳጄ ጥቂት እንደ ተኮሰ ልጁ «ጋሼ፣ እስቲ እኔም አንዴ ልሞክር» አለ። ጠመንጃው ገና ከወዳጄ እጅ ሳይወጣ አንድ የሕግ አስከባሪ መኪና አጠገባችን ቆመ።

ሰውየው ጨዋ ነበር። ሰላምታ ሰጥቶን፣ «የማን መሬት ላይ እንዳላችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«የመንግሥት» አለ ወዳጄ።

«የየትኛው መንግሥት?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። መንግሥት አንድ ነው ብሎ ላደገ ሰው ጥያቄው ራሱ እንግዳ ነው። በማስጠንቀቂያ ብቻ አሰናበተን። ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን ምን ያህል ጠርዝ ላይ ቆመን እንደ ነበር ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሪዞና ውስጥ ፌዴራል መንግሥቱ በመሬት አስተዳደር ቢሮው በኩል የሚይዘው ወደ 12 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት አለ። በዚህ መሬት ላይ፣ በግልጽ ካልተዘጋ በቀር፣ ዒላማ መተኮስ ይፈቀዳል። በ2019 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የዲንግል ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። ከዚህ መሬት ጋር እንደ ዳማ ገበታ ተሰባጥሮ የሚገኝ፣ 9 ሚሊዮን ኤከር ያህል የሚሆን ሌላ መሬት ደግሞ አለ፤ «የክፍለ ግዛቱ የአደራ መሬት» ይባላል። አሪዞና ክፍለ ግዛት ከመሆኗ አስቀድሞ በ1910 በወጣው ሕግ፣ መሬቱ በ36 ካሬ ማይል እየተከፈለ፣ ከእያንዳንዱ ክፋይ 2ኛው፣ 16ኛው፣ 32ኛውና 36ኛው ካሬ ማይል ለትምህርት ቤቶች መደገፊያ ተሰጠ። ስለዚህ ይህ መሬት የሕዝብ መናፈሻ ሳይሆን የተማሪዎች አደራ ነው። ለመዝናናት ሊገባበት የሚሻ ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ፈቃዱን ገዝቶም ቢሆን ዒላማ መተኮስ ክልክል ነው። ፈቃድ ያለው አዳኝ ግን በወቅቱ ሊያድንበት ይችላል።

እኛ ቆመንበት የነበረው እንዲህ ያለ የተማሪ አደራ ላይ ነበር። አጥር አልነበረውም፤ ምልክትም አላየንም። ከጥቂት መቶ እርምጃ ወዲያ ያው አፈር፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ቁልቋል የፌዴራል ነበር፤ እዚያ ብንቆም ኖሮ ማንም አይናገረንም ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። የነባር ሕዝቦች መሬት የራሳቸው ነውና እንደ ሕዝብ መሬት አይቆጠርም። በብሔራዊ ደን ውስጥ ከመኖሪያ፣ ከሕንፃና ከሠፈር ቦታ 150 ያርድ መራቅ ግድ ነው፤ መንገድ ወይም ውኃ አሻግሮ መተኮስም አይቻልም። በከተማ ወሰን ውስጥ መተኮስ ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው፤ የከተሞቹ ወሰን ቤት ካለቀበት ርቆ በረሃው ውስጥ እንደሚገባ ልብ ይሏል። ይህ ሕግ በ2000 የጸናው፣ በ1999 ፊኒክስ ውስጥ በቤቷ ጓሮ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ ማን እንደ ተኮሳት ባልታወቀች፣ ከሰማይ በወረደች ጥይት ከሞተች በኋላ ነው። በሰርግ ወደ ሰማይ ሲተኮስ እልል ያልን ሰዎች ይህችን ልጅ ልናስባት ይገባል። ወዳጄ ታሪኳን በነገርኩት ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ጣጣ እንመለስ። ወዳጄ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስገባ ወራት ቀርተውት ነበር። ያ ቅጽ ተይዘህ፣ ተከሰህ ወይም የክስ ወረቀት ተሰጥቶህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የመሬት ወሰን ባለማወቅ የመጣች አንዲት ወረቀት ዕድሜ ልክ የተጠበቀ ጉዳይ ፊት ልትቆም ትችላለች። የባሰው ግን የልጁ ነው። የፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል። የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ልጁ ግን አንዱም አልነበረው። «መያዝ» ማለት መግዛት አይደለም፤ የአጎትን ጠመንጃ ተቀብሎ አንዴ መተኮስም መያዝ ነው። በፍሎሪዳ በተማሪ ቪዛ የነበረ፣ ከዩኒቨርሲቲው ከተባረረ በኋላ አገር ውስጥ የቀረ የኤምሬትስ ተወላጅ ወጣት፣ በመተኮሻ ሥፍራ ተከራይቶ በመተኮሱ ተከሶ ታስሯል። የሬሃይፍ ጉዳይ ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ፣ በ2019 ፍርድ ቤቱ «መንግሥት ተከሳሹ በሕገ ወጥነት እንደሚኖር ማወቁንም ማስረዳት አለበት» ሲል ወሰነ። የእኛ ልጅ ግን ቪዛው የጸና ነው፤ በምን ቪዛ እንደመጣም ጠንቅቆ ያውቃል። ያች መኪና አንድ ደቂቃ ዘግይታ ብትደርስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ እጨነቃለሁ።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። እዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይሟገታሉ። አንደኛው «በረሃው የሕዝብ ነው፤ አትዝጉብን» ይላል። ሌላው «በረሃውን አበላሻችሁት፤ ይዘጋ» ይላል። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ምክንያቴም ከደጃፍ ያቆምኩት ቁልቋል ነው። ሳጓሮ የመጀመሪያ ክንዱን ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመት ይፈጅበታል። የእኔን ዕድሜ የሚያህል ክንድ በአንድ ሰንበት መዝናኛ ሲበሳሳ አይቻለሁ። (በ1982 ከፊኒክስ በስተሰሜን አንድ ሰው ሳጓሮ ላይ ደጋግሞ ተኩሶ ተክሉ ተገንድሶ ገደለው፤ ታሪኩን ሰዎች እየሳቁ ያወሩታል፤ እኔ ግን አያስቀኝም።) በ2017 ከቱሳን በስተደቡብ፣ አንድ የድንበር ጠባቂ በዕረፍት ቀኑ የሚወለድ ልጁን ጾታ ለማብሰር ሲመታ የሚፈነዳ ዒላማ ተኮሰ፤ የተነሣው እሳት ወደ 47 ሺህ ኤከር አቃጠለ፤ ሰውየውም ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። አይረንውድ የተባለው ጥብቅ ሥፍራ በ2013 ለዒላማ ተኩስ ተዘግቷል። በሶኖራ በረሃ ጥብቅ ሥፍራም ለዓመታት በፍርድ ቤት ከተከራከሩ በኋላ፣ ቢሮው በ2024 ባቀረበው ዕቅድ ከግማሽ ሚሊዮን ኤከር ገደማ ውስጥ 5,300 ያህሉን ብቻ ለተኳሾች ለመተው አሰበ። ትክክል ነው እላለሁ።

ነገር ግን መዝጋት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ተኳሹ አንድ ቦታ ሲዘጋበት ጠመንጃውን አይሰቅልም፤ ወደሚቀጥለው ሸለቆ ይሄዳል፤ ያ ሸለቆ ደግሞ ምናልባት የተማሪዎቹ አደራ ነው። ስለዚህ የዘጋ ሁሉ «ወዴት ልሂድ?» ለሚለው መልስ አዘጋጅቶ መዝጋት አለበት። ይህ የማይቻል አይደለም። በፊኒክስ ዙሪያ ቢሮው ባልዲ ማውንቴንንና ቸርች ካምፕ ሮድን የመሳሰሉ፣ ጥይት የሚያቆም የአፈር ቁልል ያላቸው፣ ያለ ክፍያ የሚገባባቸው ቦታዎች ሠርቷል። ጥቂት ገንዘብ መክፈል የማይገደው ደግሞ የክፍለ ግዛቱ የአደን መሥሪያ ቤት ወደሚያስተዳድረው ሰፊው የቤን ኤቨሪ መተኮሻ መሄድ ይችላል። እንዲህ ያሉት መብዛት አለባቸው።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ ምልክት ነው። ካርታ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ቢጫው የፌዴራል፣ ሰማያዊው የአደራ፣ ነጩ የግል መሆኑን ያውቃል፤ በስልክ የሚጫኑ ካርታዎችም ቆምህበት ያለው የማን እንደሆነ ይነግሩሃል። አፈሩ ግን ቀለም የለውም። ሕጉን የጻፈው መንግሥት ነውና፣ ሰው በብዛት በሚተኩስባቸው መንገዶች አፍ ላይ እንኳ አንዳንድ ሰሌዳ ቢተክል የሚከብደው አይመስለኝም። «አላውቅም ነበር» ማለት በሕግ ፊት መከላከያ አይሆንም ይባላል፤ እሺ፤ ግን እንዲታወቅ መድከም የማን ፋንታ ነው? የዚህ አገር ተወላጅ ከአባቱ ጋር ሲያድን አድጎ ወሰኑን በእግሩ ያውቀዋል፤ እንግዳው ግን የሚማረው ከስህተቱ ነው፤ የስህተቱ ዋጋም ለእሱ ከሁሉ ይበልጥበታል።

ለወገኖቼም የምለው አለኝ፤ እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። በየማኅበራችን ስለ ግብርና ስለ መንጃ ፈቃድ እንመካከራለን፤ ጠመንጃ የገዛ ሰው ግን ወይ ይደብቀዋል፣ ወይ ይፎክርበታል፤ ስለ ሕጉ የሚጠይቅ የለም። እኔም ያን ቅዳሜ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ክረምት ሦስታችን ወደ ባልዲ ማውንቴን ሄድን። ወዳጄ ተኮሰ፤ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ሻይ ይቀዳልን ነበር። ስንጨርስ ቦታውን እንደ ደንቡ ማጽዳት ጀመርን። ልጁም ሊያግዘን ጎንበስ ብሎ ቀለህ ሊለቅም እጁን ሲዘረጋ ወዳጄ በድንጋጤ ጮኸ፦

«ተው! እሱን አትንካ!»

ሕጉ «ጥይት» ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ ቀለህም ተጠቅሷልና፤ ይህን ያነበበው ወዳጄ ራሱ ነበር። ልጁ ቴርሞሱን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ እኛ ሁለታችን ተንበርክከን ለቀምን።