የዊንጌት ወግና የአራተኛ ክፍል ወረቀት

ባለፈው እሑድ እዚሁ ግሪስሃይም አንድ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስበን ሳለ ሁለት አንጋፋ ጋሼዎች ክፉኛ ተሟገቱ። ክርክሩ ግን እንደ ወትሮው የፖለቲካ አልነበረም። አንደኛው የጄኔራል ዊንጌት፣ ሁለተኛው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ናቸውና የማን ትምህርት ቤት ይበልጣል በሚል ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተፋጠጡ። እኛ ታናናሾቹ ስቀን አዳመጥን። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1946 አዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ ተከፈተ። ስሙን ያገኘው በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ከገባውና በ1944 ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ከሞተው እንግሊዛዊ የጦር መሪ ነው። ርእሰ መምህራኑ እንግሊዛውያን፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ሥርዓቱም በእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አምሳል የተቀረጸ ነበር። ከዚያ በፊት በ1908 ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፃውያን ቅብጦች መምህርነት፣ በ1925 ደግሞ ተፈሪ መኮንን ተከፍተዋል። ጋሼዎቹ ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ስለ ደወሉ፣ ስለ መኝታ ቤቱና ስለ ኳስ ሜዳው ሲያወሩ ዓይናቸው ውስጥ የሃያ ዓመት ወጣት ይታያል።

የረሱት ነገር ቢኖር ወደ ግቢው በር ያደረሳቸው ምን እንደነበረ ነው። ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን በፈተና ውጤት እየመረጠ ያስገባ ነበር። ከአድዋ የመጣው መለስ ዜናዊ እዚያ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 አጠናቀቀ። (ስለ ሰውየው የመንግሥት ሥራ በቂ ተጨቃጭቀናልና ዛሬ አልመለስበትም።) ቶኒ ብሌር ደግሞ የተማረው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤዲንብራ በሚገኘው ፌተስ ኮሌጅ ነው። ሰር ዊልያም ፌተስ የተባለ ነጋዴ ሀብቱን ለችግረኞችና ለወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ይሁን ብሎ ተናዝዞ ነበር። በ1870 የተከፈተው ትምህርት ቤት ግን እያደር ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት የባለጸጋ ልጆች መማሪያ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች በ2004 ብሌር ባቋቋመው የአፍሪካ ኮሚሽን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ለድሃ ልጅ ተብሎ ከተሠራው ግቢ የመጣው የጠበቃ ልጅ ነው፤ በእንግሊዝ አምሳል ከተሠራው ግቢ የመጣው የአድዋው ልጅ ነው። ነገሩ ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

ዊንጌትን ግን ከሚገባው በላይ አላመሰግንም። ወንፊት ነበር። አንዱ ሲያልፍ ስንቱ እንደቀረ ማንም አይተርክም፤ የቀሩት ፍራንክፈርት ተቀምጠው ማኅበር አያቋቁሙምና። ከአብዮቱ በኋላ እንግሊዞቹ ሄዱ፤ ተፈሪ መኮንንም እንጦጦ ተባለ። ዊንጌት ስሙን ይዞ የቴክኒክ ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ። ጋሼ በዚህ ያዝናሉ። እኔ አላዝንም፤ ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚማር የድሃ ልጅ በዚያ ግቢ መገኘቱ ምን ክፋት አለው?

እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እዚህም ወንፊት አለ፤ የሚነፋውም ገና በአሥር ዓመት ዕድሜ ነው። በሄሰን ልጆቻችን አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ሃውፕትሹለ፣ ሪያልሹለ ወይስ ጊምናዚዩም የሚለው ይወሰናል። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችንን በአስተርጓሚነት አጅቤ ሄጄ ነበር። አስተማሪዋ ልጅቷ ዝምተኛ ናት፣ ዝቅ ያለው ይሻላታል አለች። የሒሳብ ውጤቷ ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር! እናትየው «አስተማሪ ካለች እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ ልትፈርም ብዕሩን አነሣች። በአገራችን አስተማሪ ይከበራልና ዝም ማለታችን ጨዋነት ነው። እዚህ አገር ግን ያው ዝምታ ተስማማን ተብሎ ይጻፋል።

ወገኖቼ፣ ይህን በደንብ ያዙት። በሄሰን ሕግ የትምህርት መስመሩን የሚመርጠው ወላጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ይመክራል፣ ካልተስማማም በጽሑፍ ይገልጻል፤ ወላጅ ከጸና ግን የወላጅ ምርጫ ያልፋል። ይህ ማለት የፈለጋችሁት አንድ ትምህርት ቤት በእርግጥ ይቀበላችኋል ማለት አይደለም፤ ልጁም ካልቻለ በኋላ መስመር ሊያስቀይሩት ይችላሉ። ቶሎ መለየት የማትፈልጉ ደግሞ ሁሉም አብረው የሚማሩባቸው የጋራ ትምህርት ቤቶች አሉላችሁ። እዚሁ ግሪስሃይም ያለው ጌኦርግ-አውጉስት-ትሲን አንዱ ነው። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው የፒዛ ጥናት በጀርመን የልጅ ውጤት ከወላጁ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ሲያሳይ ጀርመኖቹ ራሳቸው ደንግጠዋል። እኛ ብቻ ነን ያልደነገጥነው።

ምክክሩ በብርዱ ወራት ነው። ቋንቋው የሚከብዳችሁ ወላጆች ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጀርመንኛ የሚችል ዘመድ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ግቡ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለውም።

እሑድ ማታ ይህንኑ ለጋሼ ለዊንጌቱ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የልጅ ልጃቸው አራተኛ ክፍል መሆኗን አጫወቱኝ። የምክክሩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ስጠይቃቸው አያውቁትም ነበር።