ባሕርን ወደ ሳሎን ስለ ማምጣት

አጎቴ ከዓረብ አገር ከተመለሱ ወዲህ በመቐለ ቤት በማሠራት ላይ ናቸው። ባለፈው ክረምት አስጠሩኝና ገና ያልተለሰነውን የሳሎን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «አንተ የባዮሎጂ ተማሪ አይደለህም? እዚህ ላይ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ እፈልጋለሁ፤ እስቲ አቅድልኝ» አሉኝ። በዱባይ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ያለውን፣ 10 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የሚይዘውን ገንዳ አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቷል። የእርሳቸው እንኳ ልከኛ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 70 ሳንቲ ሜትር ነው።

ነገሩን በመኝታ ክፍላችን ባወራሁ ጊዜ ጓደኞቼ ለሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ «ሕዝብ ጀሪካን ተሸክሞ በሚሰለፍበት ከተማ ይህ ዐይን ያወጣ ቅንጦት ነው» አሉ። እኩሌቶቹም «የገዛ ገንዘባቸው፣ የገዛ ቤታቸው ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብለው መለሱ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። ዳሩ ግን ከሁለቱም ወገን እርሳስ አንሥቶ አንዲት ቍጥር የጻፈ አልነበረም። እኔ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ጻፍኩ፤ ለአንባብያን የማቀርበውም ያንን ነው።

ከክብደቱ ልጀምር። ገንዳው 980 ሊትር ይይዛል። የባሕር ውኃ ከተራው ውኃ ጥቂት ስለሚከብድ፣ ውኃው ብቻውን ዐሥር ኩንታል ያህል ይመዝናል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለመደው የምህንድስና ስሌት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 200 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት እንዲችል ሆኖ ሲሠራ፣ ይህ ገንዳ ግን ከ700 ኪሎ በላይ ያሳርፍበታል፤ ያውም የመስተዋቱና የድንጋዩ ክብደት ሳይታሰብ። ውኃው የፊተኛውን መስተዋት የሚገፋበት ኃይል ደግሞ አምስት ኩንታል ያህል ነው። አጎቴ ገንዳውን ፎቅ ላይ ነበር ያሰቡት። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «እሺ፣ ምድር ቤት ይሁን» አሉ። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ሁለተኛው ነገር የከተማችን ከፍታ ነው፤ እኔም ስሌቱን እስክጀምር ድረስ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ ሰባ ስምንት እጅ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ እስከ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ያው ውኃ እዚህ ከ5 ሚሊ ግራም ብዙ አያልፍም። ከጠረፍ ወጥቶ ወደ እኛ የሚመጣ ዓሣ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በአንድ ቀን እንደ ወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዓሦቹን ማሳነስና ውኃውን ሌሊትና ቀን በፓምፕ ማናወጥ ያስፈልጋል። የሚናወጥ ውኃ ደግሞ ቶሎ ይተናል፤ ፓምፑም ያለ መብራት አይዞርም። አንዱ ችግር ሌላውን የሚጎትተው እንደዚህ ነው።

ጨውን በተመለከተ አጎቴ የሳቁብኝ ሳቅ አይረሳኝም። «በመቐለ ጨው ይቸግራል ልትለኝ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህች ከተማ በአፄ ዮሐንስ ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ከመሆኗም ሌላ፣ በግመልና በአህያ ከዳናክል በረሓ በሚወጣው አሞሌ ገበያዋ የቆመ ከተማ ናት። አሞሌ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደ ነበረም የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አሞሌ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጨው ብቻ ነው፤ ሶዲየም ክሎራይድ። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ካለው 35 ግራም ጨው ግን ሶዲየምና ክሎራይድ ከመቶ ሰማንያ አምስት እጅ ያህል ሲሆኑ፣ የቀረው ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌላም ነው። የባሕር ፍጥረት ያለ እነዚህ አይኖርም። ስለዚህ በጨው ከተማ ተቀምጠን 35 ኪሎ የተቀመመ ጨው ከውጭ አገር ልንገዛ ነው። ዓሦቹም እንዲሁ በጅቡቲ ወይም በአውሮፕላን የሚመጡ ናቸው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሳችን ጠረፍ የለንም። ከጥቂት ዓይነቶች በቀር የባሕር ጌጥ ዓሣ በእርባታ የተገኘ ሳይሆን ከኮራል አለት መካከል የተጠመደ መሆኑም መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። የመቐለ የጉድጓድ ውኃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ጠጣር ነው፤ ማንቈርቈሪያችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ለባሕር ገንዳ ይህ ውኃ መጣራት አለበት። የተለመደው ማጣሪያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሲሰጥ ሦስት ሊትር ያህል ወደ ውጭ ያፈሳል። እንግዲህ ገንዳውን አንድ ጊዜ ለመሙላት 4,000 ሊትር ገደማ፣ ማለት ሃያ በርሜል ይፈለጋል። ከዚያም ከገጹ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን እንኳ 7 ሊትር ነው፤ በወር አንድ በርሜል፤ ማጣሪያው የሚያፈሰው ሲጨመርበት አራት በርሜል። በእኔ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እናቴም የልብስ እጣቢውን ለወለል፣ የወለሉን ለጓሮ ታደርገዋለች። «የገዛ ገንዘባቸው ነው» ያላችሁኝ ጓደኞቼ ሆይ፣ ገንዘቡስ የእርሳቸው ነው፤ በአንድ ቧንቧ በተራ የሚመጣ ውኃ ግን የማን እንደ ሆነ እስቲ ንገሩኝ።

የኤሌክትሪኩን ስሌት በአጭሩ ልናገር፤ ፓምፑ፣ ማሞቂያውና መብራቱ ተደምረው በቀን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ይህም በየቀኑ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያህል ጥዶ እንደ መዋል ነው። የሚያሠጋው ግን ሒሳቡ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ፣ መብራት፣ ባንክና ስልክ ተቋርጠው እንዴት እንደ ሰነበትን ሁላችንም እናውቃለን። መቐለ ከዋናው የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር እንደገና የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን በአንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ትንሽ የዓሣ ገንዳ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ የማያት። መብራቱ ከሄደ በኋላ አንድ ጧት ባልፍ ዓሦቹ የሉም፤ አስተናጋጇ ከገንዳዋ ውኃ በጆግ እየቀዳች ብርጭቆ ታለቀልቃለች። ማንንም አልወቅስም፤ ገንዳዋ በዚያን ሰዓት የሚገባትን ሥራ ይዛ ነበር። ዳሩ ግን ፓምፑ ከቆመ ሰዓታት በማይቈይ ፍጥረት ላይ የሳሎንን ጌጥ መመሥረት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ታዲያ ቅንጦት ነው ካሉት ወገን ነኝን? አይደለሁም። እነርሱ የሚሉት ዓሣ በመስተዋት ውስጥ ማየት ለድኻ አገር አይገባም ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት በዚህ ገንዳ ላይ ስደክም ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ጨውና አሞኒያን ወደ ናይትሬት ስለሚለውጡ ባክቴሪያዎች የተማርኩትን፣ በሁለት ሴሚስተር ደብተር ላይ አላገኘሁትም። የተሳሳተው ቦታውና ባሕሩ ነው እንጂ ገንዳው አይደለም።

በጎረቤታችን በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የአፍዴራ ሐይቅ አለ። ውኃው ከባሕር ውኃ እጅግ የበለጠ ጨዋማ ነው፤ በዳር ዳሩ ፍል ውኃ ይመነጭበታል። እዚያ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባል ዓሣ ይኖራል፤ ስሙን በ1931 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከጣሊያኑ ተጓዥ ከፍራንኬቲ ነው። ከእርሱም ጋር ጣት የምታህል ሌላ ዓሣ አለች፤ እርሷን በ2001 እ.ኤ.አ. ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ናቸው። ሁለቱም የዚያ ሐይቅ ብቻ ናቸው። ለቀይ ባሕር ዓሣ ገንዳ ስናቅድ ከከረምነው መካከል እነዚህን በዐይኑ ያየ ስንት ነው? እኔ አላየሁም። አፍዴራን የምናውቀው በወጣችን ውስጥ ባለው ጨው ነው።

ስለዚህ ለባዮሎጂ ትምህርት ክፍል መምህራን የማቀርበው ይህ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ ገንዳ በላቦራቶሪው ኮሪደር ላይ ይቁም። የሚተነው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ነው። አየር የሚነፋው ትንሽ ፓምፕ በጥቂት ዋት ስለሚሠራ፣ አንድ የፀሐይ ሰሌዳና አንድ ባትሪ መብራት በሄደ ጊዜ ያቈዩታል። ዓሦቹን ለማምጣት ከብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ መጠየቅ፣ የአካባቢውንም ሰዎች ማማከር ይገባል። መጀመሪያ ግን ገንዳው ያለ ዓሣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ባክቴሪያው ይርባበት፤ በየቀኑ የሚለካውን እኛ ተማሪዎች በተራ እንለካለን። ተራ ለመግባት እስካሁን አምስት ሰዎች ነግረውኛል፤ ሁለቱ «ቅንጦት ነው» ካሉት ወገን ናቸው።

አጎቴ ስሌቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ግድግዳው ታዲያ ባዶ ሊቀር ነው?» አሉኝ። መጽሐፍ ይደርደርበት አልኳቸው፤ እያሰቡበት ነው። በቍጥሮቼ ላይ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢኖር ወረቀቱ በእጄ ስላለ በሚቀጥለው እትም ያርመኝ።