የመንገድ ወዳጅ

«የመንገድ ወዳጅ ከወዳጅ ሁሉ ይበልጣል፤ ስትገናኘው ደስ ይልሃል፥ ስትለየው ዕዳ የለብህም» የሚል ትምህርት በዘመናችን ተነሥቷል። ይህንን የሚያስተምሩት ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው ካገር አገር የሚዞሩ ወጣቶች ናቸው። ትምህርቱ ለጆሮ ጣፋጭ ነው፤ እኔም በስተርጅናዬ ሰምቼው ጣፍጦኝ ነበር። ዛሬ ግን ሐሰት መሆኑን ለመመስከር ብዕር አንሥቻለሁ፤ ምስክርነቴም አስቀድሞ የሚከሰው ራሴን ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ጉዞን የምነቅፍ አይምሰልህ። ለንግድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ካልሆነ በቀር አገር የሚዞረውን ሰው ሥራ ፈት የሚሉ በአገራችን ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የአፍሪቃን ወደቦች በቃሌ አጥንቻለሁ፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ ያንኑ ካርታ በጠመኔ ስሥል ኖሬአለሁ፤ ባሕሩን ግን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ያላዩትን አገር ሲያስተምሩ ኖረው፥ ማየት እየቻሉ ሳያዩ መሞት ያሳዝናል።

ስለዚህ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም.፥ ናይሮቢ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ቢጋብዘኝ ሄድሁ፤ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው አዲሱ ባቡር ወደ ሞምባሳ ወረድሁ። ፖርቱጋሎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1593 ዓ.ም. መሥራት በጀመሩት በኢየሱስ ምሽግ ደጃፍ፥ ከሦስት አገር የመጡ አራት ወጣቶች አገኘሁ። የባሕሩን ዳር ይዘው ወደ ማሊንዲ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። «ምዋሊሙ፥ ከእኛ ጋር ይምጡ» አሉኝ፤ ምዋሊሙ በስዋሂሊ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። ሄድሁ።

በእውነቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ያማሩ ነበሩ። የባሕሩ ውኃ ሲሸሽ በረጠበው አሸዋ ላይ እንራመዳለን፤ ሲመለስ ወደ መኪናው መንገድ ወጥተን ማታቱ በሚሉት ታክሲ እንሳፈራለን። ከአራቱ ትንሹ፥ ዕድሜው ከ20 የማይበልጥ ልጅ፥ ጉልበቴ መድከሙን አይቶ፥ ሳልለምነው ከሻንጣዬ ከባድ ከባዱን እያወጣ ወደ ራሱ ሻንጣ ያዛውር ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት በልቤ እያሰብሁ፥ ተገላግዬ እሄድ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት፥ ኪሊፊ ላይ፥ ይህ ልጅ ታመመ። ብርዱና ትኩሳቱ እየተፈራረቁ ጥርሱን ያንገጫግጩት ነበር። ቀደም ብሎ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር መሰንበቱን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ደግሞ ወባ በሚበዛበት ቆላ ዓመታት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለው ትኩሳት ምን እንደ ሆነ፥ ወባን ሳይለምድ ላደገ ሰውም ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ አውቅ ነበር። ዳሩ ግን ማሊንዲ ላይ የአልጋና የጀልባ ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሏል። ሲነጋ «ልጅ አይደለም፤ ነገ ይደርስብናል» አልን። አልን እላለሁ፥ አሉ አልልም። እኔ በዕድሜ አባታቸው ነኝ፤ «እንቆይ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብናገር ምናልባት በሰሙኝ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው ጉዞአችንን አሰናከለው እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልሁ። በራስጌው አንድ ጠርሙስ ውኃና የራስ ምታት ክኒን አኖርን፤ ይህም ለሕሊናችን የሰጠነው ጉቦ ነበር።

ማሊንዲ ደርሰን በስልክ መልእክት ብንልክለት መልስ አልመጣም፤ «ተኝቶ ይሆናል» ብለን ተጽናናን። ማታ በባሕሩ ጫፍ ወደ ቆመው የቫስኮ ዳ ጋማ ሐውልት ሄድን። ያ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1498 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ የማሊንዲው ንጉሥ ተቀበለው፥ ወደ ሕንድ የሚያደርሰው መሪም ሰጠው። እንግዳው በ1502 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ሕንድ ሲደርስ ግን የካሊኬትን ከተማ በመድፍ ደበደበ። ሐውልቱ የሚጠራው በእንግዳው ስም እንጂ በመሪው ስም አይደለም። ይህንን ታሪክ ለወጣቶቹ ሳስረዳ ቃሌ በጉሮሮዬ ተሰነቀረ። ሸክሜን የተሸከመልኝን ልጅ ጥዬ መጥቼ ስለ ሌላው ውለታ ቢስነት የማስተምር እኔ ማን ነኝ?

ሲነጋ ብቻዬን ወደ ኪሊፊ ተመለስሁ። አልጋው ባዶ ነበር። በማረፊያው ደጃፍ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ አንዲት ሴት፥ ልጁ ሲያቃስት ሰምታ፥ ገበያዋን ትታ፥ በሞተር ቢስክሌት ላይ ከኋላ ደግፋ ይዛው ሐኪም ቤት አድርሳዋለች። ሌሊቱንም ከአጠገቡ አልተለየችም። ሐኪሙ «ብርቱ ወባ ነው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ለነፍሱ አልዋስም ነበር» አለኝ። ሴትዮዋ ግን ቀና ብላ አይታኝ «ምዜ፥ ይህ ልጅ ራፊኪህ ነውን?» አለችኝ። ምዜ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ራፊኪ ወዳጅ። አዎን ብል፥ ወዳጅ እንዲህ ያደርጋልን? አይደለም ብል፥ ሻንጣዬን ለምን አሸከምሁት? መልስ አጣሁ።

እንግዲህ የመንገድ ወዳጅነት ዕዳ የለበትም የምትሉ ሆይ፥ ልጠይቃችሁ። «ብዙም አንተዋወቅም» ትላላችሁ። እኛ ሦስት ቀን ከአንድ ገበታ በልተናል፤ የእርስዋ ትውውቅ ግን ልጁ በዋዜማው የገዛት አንዲት ዓሣ ነበረች። «ገንዘብ ተከፍሏል» ትላላችሁ። እርስዋም የቀን ገቢዋን ከስራለች፤ ከእኛም ይልቅ ድኃ ነበረች። «ራሱን የቻለ ሰው ነው» ትላላችሁ። በትኩሳት የሚቃጠል ሰው ግን በእናቱ እቅፍ እንዳለ ሕፃን ነው። ዕዳ የሌለበት ወዳጅነት የምትሉት፥ እንግዲህ፥ ደስታውን ተካፍሎ መከራውን ለአገሬው ድኃ ትቶ መሄድ ነው።

ይህ ነገር የባዕድ ልጆች ነውር ብቻ ነው ብሎ የሚጽናና ያገሬ ሰው ቢኖር፥ እርሱም ይስማኝ። እኛ በሰፈራችን እድር አለን፤ የታመመውን እንጠይቃለን፥ የሞተውን እንቀብራለን። ነገር ግን በአውቶቡስ አብሮን የተሳፈረ ሰው በመንገድ ቢታመም፥ «ዘመዶቹ ይፈለጉ» ብለን ፊታችንን የምናዞር ስንቶች ነን? የመንገደኛ እድር የለውም፤ አጠገቡ የተገኘው ሰው እድሩ ነው።

ልጁ ዳነ። ስለ ተመለስሁ አመሰገነኝ እንጂ ስለ ሄድሁ አልወቀሰኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ አቃጠለኝ። ስለዚህ ለምትጓዙ ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ከማታውቁት ሰው ጋር መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት፥ ስለ አልጋውና ስለ ጀልባው ዋጋ ከመነጋገራችሁም በፊት፥ «ከመካከላችን የታመመ ቢኖር ከሐኪም እጅ ሳናደርሰው ማንም አይሄድም» ብላችሁ ቃል ተጋቡ። ይህንን ቃል እንቢ የሚል ቢኖር ብቻውን ይሂድ። እሺ ካላችሁ ግን ሻንጣችሁን አንሡና በሰላም ሂዱ፤ ባሕሩ ያማረ ነው።