የቆቦ እንሰት

«የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምን ጥናት ያውቅና ነው? ይቅርበት!» የሚሉ መምህራን አጋጥመውኛል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ መሰጠት ሲጀምር ግን ጉልበት አገኘ። ተማሪው ፈተናውን ካለፈ አበቃ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚባለው ጣጣ ልጁን ያንከራትታል፣ አማካሪውን ያሰለቻል፣ ወረቀት ይፈጃል፣ መጨረሻው የአይጥ ቀለብ መሆን ነው ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ሲያነቡ የኖሩትን አይተው ነው የሚናገሩት።

እኔም ካነበብኩት አንዱን ላንሳ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እንድገመግም ተሰጠኝ። ስለ ቆቦ ቆላ ነው፤ ድርቅ በራያ ገበሬ ኑሮ ላይ ስላደረሰው ጉዳት። እንግሊዝኛው እየተንገዳገደም ቢሆን ይራመዳል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ «የአካባቢው ሕዝብ ዋና ምግብ እንሰት ነው» ይላል። እንሰት! ያውም ቆቦ! የማሽላ አገዳ ሰው በሚውጥበት ሜዳ ላይ! ጸሐፊው ማን መሰላችሁ? እዚያው ቆቦ ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ። ስለ አንድ የደቡብ ወረዳ የተጻፈ የሌላ ሰው ሥራ ሲገለብጥ የቦታውን ስም ቀየረና ሰብሉን ሳይቀይር ቀረ።

እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢ ይስቃል፤ ሌላው ልጁን ይራገማል። ቆይ ግን፣ ይህ ልጅ እኮ ደጋሊት የሚባለውን ማሽላ ከጅጉርቴ በቁመናው ከሩቅ የሚለይ ልጅ ነው። የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን እንዲጽፍ ያደረገው ምንድን ነው? ይህን ሳይጠይቁ «ጽሑፉ ይቅር» ማለት ምን ይባላል? ድሮ «ስለ ምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ነበር ተረቱ። የዛሬዎቹ አይጧን እንግደል ብለው ምጣዱን ሊሰብሩት ተነሥተዋል።

ለመሆኑ ይህ ምጣድ ምን ተጋግሮበት ያውቃል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። ስለየአካባቢያቸው ወግና ልማድ ጽፈው በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። የሃያና የሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው እንግዲህ! ከዚያ በኋላ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ተነሡ። ስለ አንድ አውራጃ፣ ስለ አንድ ገበያ፣ ስለ አንድ ባላባት እየጠየቁ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ማንም አያነባቸውም የሚል ካለ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ይግለጥ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሥራዎች ከታላላቆቹ ምሁራን ሥራዎች ጋር በምንጭነት ተጠቅሰዋል። ዛሬ በትምህርት ቤት የምናስተምረው ታሪክ ከፊሉ የቆመው በእነዚያ ልጆች ትከሻ ላይ ነው።

ከአገር ውጭም ቢሆን ይህ ሥራ የልጅ ጨዋታ ተደርጎ አይታይም። አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የባችለር ኦፍ አርትስ ዲግሪ የሚያገኝ ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ጥናት የመጻፍ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 ዌንዲ ኮፕ የምትባል ተማሪ ያቀረበችው ጽሑፍ፣ ወጣት ምሩቃንን ወደ ድሃ ትምህርት ቤቶች የሚልክ ትልቅ ድርጅት ወልዷል። እኛ ዘንድ ግን የሚወልደው ጥራዝ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ነካን? አንደኛ፣ ጊዜውን ቆረጥነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የአራት ዓመቱ ትምህርት ሦስት ዓመት ሆነ፤ ወደ አራት የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በጥቂት ዓመታት ከአርባ በላይ ሲደርሱ የአማካሪው ቁጥር በዚያው ልክ አላደገም። አንድ መምህር ስንቱን ልጅ ያማክር? ስለዚህ ጥናቱ በቡድን ይሠራ ተባለ፤ አንዱ ይጽፋል፣ አራቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ሦስተኛ፣ በ2000 ዓ.ም. ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ተወሰነ። ፋብሪካና መንገድ የሚያስፈልገው አገር መሐንዲስ ማብዛቱ አይከፋም። ከዚያ ወዲህ ግን ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂና ሥነ ጽሑፍ የሚማረው ልጅ «ሌላ ሲያጣ የገባ» ተደርጎ ተቆጠረ። እንዲህ ከተቆጠረ ልጅ ጥሩ ጥናት መጠበቅ ደግሞ ያልዘሩትን ማጨድ ነው።

አራተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት ቋንቋው ነው። ነገሩን እስቲ ከቆቦው ልጅ ጫማ ጋር እንከተለው። ፕሮፖዛሉን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከዚያ መጠይቅ ያዘጋጃል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። መጠይቁን ይዞ አጎቱ ዘንድ ይሄድና በቃሉ እየተረጎመ፣ «ድርቅ ኑሮዎን ጎድቶታል በሚለው ሐሳብ በጣም ይስማማሉ? ይስማማሉ? ወይስ አልወሰኑም?» ይላቸዋል። አጎትየው «ልጄ፣ ድርቁ መች ከእኔ ጋር ተስማምቶ መጣና!» ቢሉት ይፈረድባቸዋል? ይህች መልስ ግን ሣጥን የላትም። ከአምስቱ ሣጥን በአንዱ ላይ የራይት ምልክት ያደርግና ያልፋል። የሰውየው ቃል፣ ምሬቱ፣ ተረቱ፣ የአነጋገሩ ለዛ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ይቀራል። ተመልሶ በእንግሊዝኛ ሊጽፍ ሲቀመጥ ደግሞ የቀረችውም ትጠፋበታለች። ያኔ ነው ወደ ኮፒ ፔስት የሚሄደው። ያኔ ነው ቆቦ ላይ እንሰት የሚበቅለው።

«የድሮዎቹስ በእንግሊዝኛ ይጽፉ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይጽፉ ነበር። እነሱ ግን ተመርጠው የገቡ፣ አማካሪያቸው በስም የሚያውቃቸው ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። በሌላ በኩል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማርኛ ሲጽፉ ኖረዋል። ሰማይ አልተደፋም! የቃል ግጥሙ፣ እንቆቅልሹ፣ ተረቱ ከተነገረበት አፍ ሳይርቅ ተመዝግቧል። ታዲያ ስለ ግጥም በአማርኛ መጻፍ ከተቻለ ስለ ውኃ፣ ስለ ርስት፣ ስለ እርቅ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞም «አማርኛ ብቻ» እያልኩ አይደለም። ራያ ራሱ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት አገር ነው። ልጁ የጠየቀበት ቋንቋ የሚጽፍበት ቋንቋ ይሁን፤ ኦሮምኛም ይሁን ሶማሊኛ። እንግሊዝኛውን በሁለት ገጽ አጭር መግለጫ ይለማመደው።

ምን ይጠይቅ? ርዕስ አልቆ ከሆነ ከቆቦ ሜዳ ላይ ላበድር። እነ ጎሊናና ሆርማት ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ሜዳውን ሲያገኙ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራል። ከላይ ያለው ነው ወይስ ከታች ያለው ቀድሞ የሚያጠጣ? ቦዩ በደለል ሲሞላ ለጠረጋ ያልወጣ ሰው ምን ይደረጋል? መሐንዲሱ የውኃውን መጠን ይለካል፤ ውኃው ሲያጣላ ማን ምን ብሎ እንደሚያስታርቅ ግን በመሣሪያ አይለካም።

ሁለተኛ፣ ማሽላው። አቀንጭራ የሚባለውን ጠንቀኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማፍለቃቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አረሙን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች የአንደኛው ስም ጎብዬ ነው፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስንሄድ የምናልፋት ከተማ ስም! ሆኖም የራያ ገበሬ ዝናቡ በጊዜ ከገባለት ዛሬም ያንን ረጅሙንና ዘግይቶ የሚደርሰውን ደጋሊት አይጠላም። ለምን? ለእንጀራው ጣዕም ነው? አገዳው ለከብቱ፣ ለማገዶውና ለጎጆው ስለሚሆን ነው? ይህን የሚጠይቅ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ከተገኘ ለሰብል ተመራማሪው ትልቅ ውለታ ይውላል።

ሦስተኛ፣ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች። ሽማግሌ እንዴት ይመረጣል? ገዳይ ምን ብሎ ይቀርባል? የሟች እናትስ ትጠየቃለች ወይ? ሰሜን ወሎ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባየው መከራ፣ ቆቦም ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ በተዘዋወረችበት ጦርነት ማግስት፣ ከዚህ የበለጠ አንገብጋቢ ርዕስ የት ይገኛል?

አራተኛው አይቆይም። በ1965ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል የያኔው ራያና ቆቦ አውራጃ አንዱ ነበር። መንግሥት ሲደብቀው ፎቶግራፉን ይዘው መጥተው ግቢ ውስጥ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘም ገበሬው ስለ ድርቅና ረሃብ የገጠመውን ቃል ግጥም ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ግጥሙ ራሱ የታሪክ ምስክር መሆኑን አስተምረውናል። በ1965 ሃያ ዓመት የሞላው የቆቦ ሰው ዛሬ ሰባውን ተሻግሯል። ምን በልቶ እንደተረፈ፣ ማንን ትቶ እንደተሰደደ፣ ማን በር እንደከፈተለት የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ክረምት ባለፈ ቁጥር ከእነዚህ ሰዎች ስንቱን እንቀብራለን?

«አሁን በዚህ ጊዜ ማን ወደ ገጠር ይወጣል?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱንም ትምህርቱንም አስቸጋሪ አድርጎታል። ማንም መምህር ተማሪውን ወደ ጥይት መላክ የለበትም። ነገር ግን ልጁ እኮ የዚያው አገር ሰው ነው! ለእረፍት ቤቱ ሲገባ አያቱ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። ለዚህ ጥናት ላንድክሩዘር አያስፈልግም፤ ደብተርና ጆሮ ይበቃል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጉድ መጥቷል። ትናንት ከካምፓሱ በር ፊት ለፊት «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈው ሰው በገንዘብ ይጽፍ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ በነፃ ይጽፋል። ስለ ድርቅ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሥርዓተ ፆታ የፈለጋችሁትን ያህል ገጽ ያወርድላችኋል። ብዙ መምህራን ጽሑፉ ይቅር የሚሉት ይህን ፈርተው ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ምክንያት ነው አይቅር የምለው። የዞብል ተራራ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው ያልነገሩትን ማንም ማሽን ሊያውቀው አይችልም። ገና ያልተጻፈ ነገር አይገለበጥም። የስርቆት መድኃኒቱ ርዕሱን አጥብቦ ወደ አንድ መንደርና ወደ አንድ ጥያቄ ማውረድ ነው።

ቁጥሩ በዝቷል ለሚሉትም መልስ አለ። በእኛ አገር «በማዕረግ ተመረቀ» የሚባለው በውጤት አማካይ ብቻ ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ማዕረግ የሚፈልግ ተማሪ የራሱን ጥናት ሠርቶ በመምህራን ፊት ይከራከርበታል። እኛስ? ሁሉም ተማሪ በቡድን ሰባ ገጽ ከሚገለብጥ፣ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ገጽ በራሱ ቋንቋ ይጻፍ። ማዕረግ የሚፈልገው ደግሞ ለብቻው ወጥቶ፣ ጠይቆ፣ የቀዳውን ድምፅ አስረክቦ ረዘም ያለውን ይሥራ። እነዚህን ጥቂቶች ማማከር የሚያቅተው ትምህርት ክፍል ካለ፣ የቸገረው የመምህር ቁጥር አይደለም።

ጽሑፉ ሲያልቅስ የት ይቀመጥ? በ2014 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ሲዘረፍና ሲወድም ያየ ሰው፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ያለ አንድ ቅጂ ምን ያህል ዋስትና እንዳለው ያውቀዋል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ቆቦ ላለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጥ። አንዱ ደግሞ ቃላቸውን ለሰጡት ሰው ቤት ይግባ። የልጅ ልጆቻቸው በሚያነቡት ቋንቋ ስለተጻፈ ስሕተት ካለበት «አያቴ እንዲህ አላሉም» ብሎ የሚያርም ሰው አይጠፋም። ከየትኛውም ገምጋሚ ይልቅ ልጁ የሚያፍረው እነዚህን ሰዎች ነው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ በመጪው ሥርዓተ ትምህርት ክለሳ የመመረቂያውን ጽሑፍ ለመሰረዝ እስክሪብቶ ስታነሡ አንድ ነገር አስቡ። የመውጫ ፈተና የወደቀ ተማሪ በሌላ ዙር ይቀመጣል። የ1965ቱን የሚያስታውሱት የራያ አዛውንት ግን ድጋሚ ዙር የላቸውም።