በቤትና በግቢ መካከል፦ የወረርሽኙ ወራት ስለ ገጠር ተማሪ ያስተማሩት

ኮቪድ-19 ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ወሩ ሳያልቅም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዙ የምዕራብ ጎጃም ልጆች በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ እየወረዱ ወደየቀበሌያቸው ገቡ። መጋቢት 22 ቀን የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለሁለት ሳምንት ከእንቅስቃሴ ሲያግድ፣ ጥሊሊ ከቡሬ አለፍ ብላ በዚሁ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ መንገዱ ራሱ ተቆረጠ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጀመሪያ ለአሥራ አምስት ቀናት የተባለው የትምህርት መቋረጥ ለብዙው ተማሪ ከሰባት ወራት በላይ ዘለቀ።

በእነዚያ ወራት ስለ ገጠሩ ቤት ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማ ነበር። አንደኛው ገጠሩን እንደ በረሃ የሚያይ ነው፤ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ቤተ መጻሕፍት የለም፣ ስለዚህ ተማሪው ምንም ሊሠራ አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገጠሩን እንደ ጸጥተኛ መጠጊያ ይቆጥራል፤ ከከተማ ሁካታ የራቀ ተማሪ ለንባብ የሚሆን ጊዜ አገኘ ይላል። ሁለቱ አነጋገሮች ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቤቱን ባዶ ቦታ አድርገው ያስባሉ። የምዕራብ ጎጃም የገበሬ ቤት ግን ባዶ አልነበረም። ሥራና ቤተሰባዊ ግዴታ የሞላበት፣ የራሱ የጊዜ ሥርዓት ያለው ተቋም ነው። የርቀት ትምህርቱ የከሸፈው በኢንተርኔት እጦት ብቻ ሳይሆን ይህን ሙሉነት ባለማየቱ ጭምር ነው። መፍትሔውም ተማሪው በቤቱ አቅራቢያ ሆኖ ከቤቱ ሥራ ለተወሰኑ ሰዓታት የሚለይበት፣ በቤትና በግቢ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ስፍራ ማዘጋጀት ነው።

የሞላው ቤት

ተማሪዎቹ ወደ ቤት የገቡት በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ የእርሻ ሥራ በሚጀመርበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት አንዱ ሥራ ሌላውን እየተካ የሚሄድባቸው ናቸው። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፤ ለበርበሬው የችግኝ መደብ ይዘጋጃል፤ ዝናቡ ሲጥል በቆሎ ይዘራል፤ ክረምቱ ሲገባ የበርበሬው ችግኝ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ጤፍ ይዘራል። ሐምሌና ነሐሴ የኩትኳቶና የአረም ወራት ናቸው። በመስከረም እሸት የያዘው በቆሎ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ይጠበቃል። ከዚያም አጨዳው ይከተላል። ዩኒቨርሲቲዎች በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎቻቸውን በየዙሩ መልሰው መጥራት ሲጀምሩ ከአንድ የእርሻ ዘመን አብዛኛው አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆችን መውቀስ አይገባም። መንግሥት ትምህርት ተዘግቷል ሲል ሰምተዋል። ልጃቸው ከክረምት ዕረፍት በስተቀር በዚህ ወቅት ቤት ተገኝቶ አያውቅም። ወንፈል በሚቆጠርበት፣ የአንዱ ቤት ጉልበት ለሌላው ቤት ብድር በሆነበት አገር ጤነኛ ወጣት መጽሐፍ ይዞ ደጃፍ ላይ ቢቀመጥ ዕዳው የሚከፈለው በአባቱ ወይም በታናሽ ወንድሙ ወገብ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሞፈር ጨበጠ። ሥራውም ከንቱ አልነበረም፤ ገበያ በተቀዛቀዘበትና የቀን ሠራተኛ እንደ ልብ በማይንቀሳቀስበት ዓመት ማሳው ጦሙን እንዳያድር ረድቷል። የገጠሩ ቤት አገሪቱን በመገበበት ሰዓት የተማሪው እጅ አብሮ ነበረበት።

የሴት ተማሪዎች ሁኔታ ግን ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። የወንዱ ሥራ ከባድ ቢሆንም ወቅት አለው፤ ዝናብ ሲወርድ ወይም በዓል ሲሆን ያርፋል። የማጀት ሥራ ወቅት የለውም። ውኃ መቅዳት፣ ማገዶ መልቀም፣ እንጀራ መጋገር፣ ለደቦው ምግብና ጠላ ማሰናዳት ከንጋት እስከ ምሽት ይዘልቃል። ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በቤቱ ውስጥ የነበራት የሥራ ድርሻ ለእናቷና ለእኅቶቿ ተላልፎ ነበር፤ ስትመለስ ድርሻዋ ጠበቃት። ከዚህም ሌላ ግቢ በነበረችበት ጊዜ «ትምህርቷን ትጨርስ» በሚል ቃል ተገፍቶ የቆየው የጋብቻ ጥያቄ፣ ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር በማይታወቅበት ወቅት ያ መከላከያ ቃል ይጎድለዋል። ቀን ያልተቆረጠለት መዘጋት ለወንዱ መዘግየት ነው፤ ለሴቷ ግን መቅረት ሊሆን ይችላል።

ያልደረሰው ትምህርት

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከያሉበት እንዲቀጥሉ ሲወሰን ዋናዎቹ መሣሪያዎች ኢሜይልና ቴሌግራም ነበሩ። መምህሩ ጽሑፉን በፒዲኤፍ ይልካል፤ ተማሪው አንብቦ የቤት ሥራውን ይመልሳል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ይህ አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ነው። ከከተማው የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ለሚኖረው ግን ስልኩን ለማስሞላት የገበያ ቀን መጠበቅ፣ መልእክት ለማውረድ ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርደው የቡሬ ዙሪያና የወንበርማ ወረዳ ደግሞ ስሙም ግብሩም በረሃ የሆነ ስፍራ አለ። በዚያ ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው፤ የአዲሱ በሽታ አንዱ ምልክትም ያው ትኩሳት መሆኑ ጭንቀቱን ያበዛው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኢንተርኔቱ ራሱ በተማሪው እጅ አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። በዚያ ሰሞን ኮረብታ የወጣውም፣ ቡሬ ከተማ የተቀመጠውም፣ አዲስ አበባ ያለው መምህሩም እኩል ሆኑ። የመስክ መረጃ መሰብሰብ የነበረባቸው ተመራቂዎች ደግሞ ሌላ ግድግዳ ገጠማቸው፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት የቡድን ውይይት ማካሄድም፣ ከቤት ቤት እየዞሩ መጠይቅ ማስሞላትም አልተቻለም።

ሆኖም የኔትወርክ ጉዳይ ቢፈታ ሁሉ ነገር ይፈታ ነበር ማለት ስሕተት ነው። ፈጣን ኢንተርኔት የገባለት ተማሪ አረም ከሚታረምበት ማሳ መካከል ተነስቶ «ክፍል አለኝ» ለማለት የሚያስችለው ሥልጣን አላገኘም። ቤቱ የሚያውቀው ትምህርት ሰው ወደ አንድ ስፍራ ሄዶ የሚማረውን ነው። ስልክ ላይ አቀርቅሮ መቀመጥ በገበሬው ዓይን ትምህርት አይመስልም፤ እንዲመስል ያስረዳም አልነበረም።

የበረሃ ሥርዓት

ጎጃም ከቤት ርቆ መማር ምን እንደሆነ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ያውቃል። የአብነት ተማሪ ቀለም ሲፈልግ ከወላጅ ቤት ይወጣል። ዋሸራን ለመሰለው ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤ ወላጁን ትቶ የሚሄደው መምህር ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ በወላጅ ቤት እረኝነትና እርሻ እያለ ዜማም ሆነ ቅኔ እንደማይገባ ስለሚታወቅ ጭምር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል፤ ቁራሽ ለምኖ ይበላል፤ የቃል ትምህርቱን በሌሊት ያለ መብራት ይወጣዋል፤ በትምህርት የገፋው ለጀማሪው ያስጠናል። ስፍራው ድሀ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱ የታወቀ፣ ዓላማው የተከበረ ነው። በመንገድ ያገኘው ገበሬ ለምን አታርስም ብሎ አይጠይቀውም።

ገዳም የሚለው የግእዝ ቃል ራሱ የቀደመ ፍቺው ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ ሲነሳ የሚታሰበው ግን የጸሎትና የሥራ ሰዓት የተመደበለት ማኅበር ነው። ምድረ በዳውን ለሰው መኖሪያ ያደረገው ሥርዓት ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ በወረርሽኙ ወራት ተማሪው ያጣው ጸጥታን ወይም ቴክኖሎጂን ብቻ አልነበረም። ያጣው በሌሎች ዘንድ የታወቀና የተከበረ የትምህርት ሰዓት ነው።

ይህን ማለት የአብነቱን ሕይወት እንዳለ መልሶ ማምጣት አይደለም። ልመናው፣ ረኀቡና ውሻው የብዙ ሕፃናትን ዕድሜ ያጎሳቆለ ነው፤ ሴቶችንም በአብዛኛው ወደ ውጭ የተወ ሥርዓት ነበር። የሚወሰደው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ትምህርት ስፍራና ሰዓት ሲኖረው ማኅበረሰቡ ያከብረዋል።

ሊደረግ የሚችለው

በየቀበሌው ትምህርት ቤት አለ፤ በብዙዎቹም የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። በመዘጋት ወቅት ከእነዚህ አንድ ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥናት ጣቢያ ሊሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት እንኳ አራት ተማሪዎች ተራርቀው በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ዋርካ ሥር መቀመጥ አይከለከሉም ነበር። የታተመ ሞጁል በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ሊላክ ይችላል፤ ማተም ካልተቻለ ጽሑፎቹን በሚሞሪ ካርድ ጭኖ ማዳረስ ከኢንተርኔት ይልቅ አስተማማኝ ነው። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ በቡሬ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መኖሩ ለዚህ ሥራ ማዕከል የሚሆን ተቋም ከአካባቢው እንደማይጠፋ ያሳያል። በየገጠሩ የሚያስተምሩና በክረምት የሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚከታተሉ መምህራንም በአስጠኚነት ሊመደቡ ይችላሉ።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለወላጅ ደብዳቤ ይጻፍ። ልጅዎ በትምህርት ላይ ነው፤ በሳምንት እነዚህ ቀናት፣ በቀን እነዚህ ሰዓታት ለትምህርቱ ይለቀቅ የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በቀበሌው በኩል የሚነበብ ደብዳቤ ይሁን። ልጁን ለማስተማር በሬ የሸጠ ገበሬ የተነገረውን ሰዓት አይነፍግም። ለሴት ተማሪ ይህ ደብዳቤ እጥፍ ዋጋ አለው፤ ትምህርቷ እንዳልተቋረጠ በጽሑፍ ማስረጃ ይሆናታል፤ ከማጀትም ከጋብቻ ጥያቄም የሚከላከላትን ያን የጎደለ ቃል ይመልስላታል።

ሦስተኛው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የቤት ሥራና ፈተና ከአረምና ከአጨዳ ወራት ጋር እንዳይጋጭ ተደርጎ ቢመደብ ተማሪው ከሁለት ታማኝነቶች አንዱን እንዲከዳ አይገደድም።

እንዲህ ያለውን ዝግጅት ላልተለመደ ዘመን የሚወጣ ወጪ ነው ብሎ የሚነቅፍ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት እንደገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ለተማሪው ውጤቱ አንድ ነው፤ ዳግመኛ ቤት ገባ፤ ዳግመኛ የሚጠብቀው ስፍራም ሰዓትም አልነበረም። በግጭት ጊዜ መሰብሰብ ራሱ አስጊ ሊሆን ስለሚችል ጣቢያው በሁሉም ቦታ ይከፈታል ማለት አይቻልም። የታተመው ሞጁልና የወላጁ ደብዳቤ ግን ችግሩ ከመምጣቱ በፊት በተማሪው እጅ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲዎች ለመዘጋት የሚዘጋጁት በሰላሙ ጊዜ ነው። የገጠሩ ቤት ልጁን መልሶ ለመቀበል ችግር የለበትም፤ ሁለቱንም ጊዜ ያለ ማመንታት ተቀብሏል። ያልተዘጋጀው ልጁን በአደራ የላከለት ተቋም ነው።