«ይገጥማል» ማስረጃ አይደለም

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ የመኪና መለዋወጫ የገዛ ሰው ልማዱን ያውቀዋል። ያረጀውን ዕቃ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ባለሱቁ ከመደርደሪያ ሌላ አውርዶ ሁለቱን መዳፉ ላይ ጎን ለጎን ያያቸውና «ይገጥማል» ይላል። ዋጋ ይቆረጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ለስፖኪዮ ወይም ለበር እጀታ ከሆነ ግድ የለም። ለፍሬን፣ ለመሪና ለጎማ ቡሎን ሲሆን ግን ይህ ልማድ ሰው ይገድላል።

ዓይን ምን ያህል እንደሚያታልል በአቪዬሽን ታሪክ ተመዝግቧል። ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ወደ ማላጋ 87 ሰዎች ይዞ የተነሳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ገና ከፍታ እየጨመረ ሳለ የዋና አብራሪው የፊት መስታወት ተገንጥሎ ሄደ። አየሩ አብራሪውን ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ መንጭቆ አወጣው። ባልደረቦቹ እግሩን ሙጥኝ ብለው ይዘው፣ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው፤ ሁሉም ተረፉ። መስታወቱ የተቀየረው ከ27 ሰዓት በፊት ነበር። የቀየረው የጥገና ኃላፊ አዲሶቹን ቡሎኖች የመረጠው አሮጌውን ይዞ፣ በቂ ብርሃን በሌለበት ቦታ፣ በዓይኑ አመሳስሎ ነው። ከ90ው 84ቱ ከልካቸው የቀጠኑ ሆነው ተገኙ፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ገጥመው ነበር።

«ይኸው ሠራ አይደል?» የሚለው መከራከሪያም ከዚህ አይሻልም። ታህሳስ 30 ቀን 1995 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሻርሎት ውስጥ 21 ሰዎች የያዘች ቢች 1900 የተባለች አነስተኛ አውሮፕላን ገና ከመነሳቷ ወድቃ ሁሉም አለቁ። አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል ገመድ በጥገና ጊዜ በስህተት ተስተካክሎ ነበር። መመሪያው ያዘዛቸው ደረጃዎች ተዘለዋል። ይባስ ብሎ፣ መካኒኩን እያሠለጠነ እንዲዘል የፈቀደለትና ሥራውን መርምሮ ያጸደቀው አንድ ሰው ነው። አውሮፕላኗ ከጥገናው በኋላ ዘጠኝ ጊዜ በሰላም በርራለች። በአሥረኛው ከልክ በላይ ተጭና ክብደቷ ወደ ኋላ ሲያመዝን አፍንጫዋን ዝቅ ማድረግ አልተቻለም። ዘጠኙ በረራዎች የጥገናውን ትክክለኛነት አላረጋገጡም፤ ስህተቱን የሚያጋልጠው ጭነት ገና አልመጣም ነበር።

«አውሮፕላንና መኪና ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖራል። ያቺ አውሮፕላን የያዘችው ሰው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከሚጭነው ያነሰ ነው። ሐሰተኛ የፍሬን ሸራም ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ ድረስ ደህና ይይዛል። የሚፈተነው መኪናው ሞልቶ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሸራው ሲግል ነው። የዚያን ጊዜ «ይገጥማል» ያለው ባለሱቅ አጠገብ የለም፤ የገጠመው መካኒክም የለም። ሹፌሩ ብቻ ነው ያለው፤ ጥፋቱም እሱ ላይ ያርፋል።

ኦሪጅናል ዕቃ ውድ መሆኑን፣ ከታክሲ በሚገኝ ገቢ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉን አዲስ መግዛት እንደማይችል አውቃለሁ። ያገለገለ ዕቃ መሸጥም ነውር አይደለም፤ ሶማሌ ተራ ባይኖር የከተማው ግማሽ መኪና በቆመ ነበር። ነውሩ ያገለገለውን አዲስ ነው ማለት፣ ፎርጅዱን በኦሪጅናል ካርቶን መሸጥ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማን ምን ሸጦ ማን እንደገጠመው የሚናገር አንድ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ድህነት ርካሽ ዕቃ እንድንገዛ ያስገድደን ይሆናል፤ ደረሰኝ ላይ የዕቃውን ቁጥር እንዳንጽፍ ግን አያስገድደንም።

አቪዬሽን እምነት የሚጣልበት የሆነው መካኒኮቹ የማይሳሳቱ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። እንደሚሳሳቱ ተቀብሎ ሥራውን በጽሑፍ፣ በፊርማና በሁለተኛ ሰው ዓይን ስላሠረ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ላይ፣ ምንጩ በሰነድ ያልተረጋገጠ ዕቃ አውሮፕላን ላይ አይገጠምም። ይህ ሥርዓት ለመኪና የሚከብድ ነገር የለውም። የፍሬንና የመሪ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የዕቃውን ቁጥርና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። ጋራዡ የገጠመው ሰው ስም ያለበት ወረቀት ይስጥ፤ ሥራውን ሌላ መካኒክ ይየው። በዓመት አንድ ቀን ለቦሎ የሚደረገው ምርመራም ያንን ወረቀት ይጠይቅ። አደጋ ሲደርስ ምርመራው ሹፌሩ ላይ ሳይቆም እስከ ጋራዡና እስከ ሱቁ ይሂድ። ገዢውም ቢሆን ቁጥሩ ያልተጻፈለትን የፍሬን ዕቃ ተቀብሎ አይውጣ።