ራስን መቻል ከየት ይጀምራል?

በዚህ በያዝነው ዘመን ስለ ራስን መቻል የማይናገር የለም። በየስብሰባው፣ በየራዲዮኑ፣ በየምረቃው ንግግር ቃሉ ይነሣል። በሌላው ወገን ደግሞ ከከተማ ጫጫታ ርቆ፣ አነስተኛ ጎጆ ቀልሶ፣ በገዛ እጅ ዘርቶና አጭዶ መኖርን የሚያሞግሱ ጽሑፎች ከውጭ አገር እየመጡ በየስልካችን ይዘዋወራሉ። እኛም ተማሪዎች ሁለቱንም እየሰማን ራሳችንን በአዎንታ እንነቀንቃለን። ነገር ግን ራስን መቻል ማለት ምን ማለት ነው? ቀላል ኑሮስ ቀላል የሚሆነው ለማን ነው? ብለን ስንጠያየቅ አንገኝም። በዚህ ጽሑፍ ለመጠየቅ የተነሣነውም ይህንኑ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን የገጠርን ኑሮ በሥዕል አይደለም የምናውቀው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ውሃ ፍለጋ የምትወርደውን እናት፣ ማገዶ ለቅማ በጀርባዋ የምትሸከመውን እኅት፣ ዝናቡ ሲዘገይበት ሰማይ ሰማዩን የሚያየውን አባት እናውቃለን። እነዚህ ሰዎች ከተፈጥሮ ጋር ተቀራርበው ይኖራሉ፤ ነገር ግን መርጠው አይደለም። ምርጫ የሌለበት ቀላል ኑሮ ትክክለኛ ስሙ ድህነት ነው። ገበሬው የቧንቧ ውሃና መብራት፣ ሐኪም ቤትና መንገድ ይገባዋል። ይህን የሚጠይቀውን ሰው «ንጹሕ አየርህ ይበቃሃል» ብሎ መመለስ ምክር ሳይሆን ግፍ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ምርጫ ስላለው ሰው፣ ይልቁንም ስለ ራሳችን ስለ ተማሪዎች መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅልን።

ስለ ቀላል ኑሮ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ሔንሪ ዴቪድ ቶሮ ነው። ይህ ሰው የሀርቫርድ ምሩቅ ሲሆን በፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1845 በኮንኮርድ ከተማ አጠገብ፣ ዋልደን በሚባል ኩሬ ዳር፣ በገዛ እጁ በሠራት አንዲት ክፍል ጎጆ ገብቶ እስከ መስከረም 1847 ኖረባት። ጎጆዋ የፈጀችበት ገንዘብ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነበር። ቦሎቄ ዘርቶ ሸጧል፤ ያወጣውንና ያገባውንም ሳንቲም በሳንቲም መዝግቧል። አንድን ዕቃ ለማግኘት ስንት ቀን ጉልበታችንን እንደምንከፍል ማስላቱ ከእርሱ ልንማረው የሚገባን ነገር ነው። ነገር ግን የሚያደንቁት ሰዎች የማያነሡት ሌላ ነገር አለ። ጎጆውን የሠራበት መሬት የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፤ ሥራውን የጀመረበትንም መጥረቢያ ተውሶ ነው ያመጣው። ይህንንም ራሱ ሳይደብቅ ጽፎታል። ስለዚህ የብቸኛው ሰው ምሳሌ ተደርጎ የሚቀርብልን ሰው እንኳ ያለ ጎረቤት አልሆነለትም።

ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወንፈልንና ደቦን የሚያውቅ ሕዝብ ራስን መቻል ብቻን መቆም እንዳይደለ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ዛሬ ለጎረቤቱ ያጨደ ሰው ነገ ይታጨድለታል፤ ማንም የማንም ለማኝ አይሆንም። በደቡብ ጎንደር በፎገራ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብም ይህንኑ በተግባር አሳይቶናል። አቶ ዙምራ ኑሩ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ ከስደት ሲመለስ ሰፊ መሬት አልጠበቀውም። ሆኖም ፊቱን ወደ ሽመናና ወደ ሌላም ሙያ አዙሮ ኖረ። በዚያ መንደር ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ የሽማግሌውና የበሽተኛው ጉዳይም የሁሉ ነው። እንግዲህ እናስተውል! ራሳቸውን የቻሉት በመሬት ስፋት ሳይሆን እጅን ከእጅ በማጋጠምና ሥራን ባለመናቅ ነው።

ራስን መቻል በትእዛዝ እንደማይመጣም ታሪክ አስተምሮናል። የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሩሻ መግለጫ ሕዝባቸው በራሱ እንዲመካና በመንደር ተሰባስቦ በኅብረት እንዲሠራ ጠየቁ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከ1973 ጀምሮ በመንደር መኖር ግዴታ ሲሆን ገበሬው እየተገደደ ከቀዬው ተነሣ። በአገራችንም በ1978 ዓ.ም. በሰፊው በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ብዙ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው በመሥመር በተተለመ መንደር እንዲሠፍሩ ተደረገ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ግን ብዙዎቹ መንደሩን ጥለው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚህ የምንማረው፣ የሰውን ኑሮ ቀላል ለማድረግም ሆነ ለማሳመር የሚነሣ ሰው በራሱ መጀመር እንዳለበት ነው።

እንግዲያው በራሳችን እንጀምር። እኛ ዛሬ ምን እንችላለን? የሸሚዛችን ቁልፍ ሲበጠስ፣ የጫማችን ሶል ሲላቀቅ፣ የክፍላችን አምፖል ሲቃጠል ስንቶቻችን ነን በገዛ እጃችን የምናቃናው? ምግብ አዳራሽ ተሰልፈን የምንበላውን ጎመን ማን እንዳበቀለው ስንቶቻችን እናውቃለን? ዲግሪውን ከያዝን በኋላ የምንመኘው ወንበርና ጠረጴዛ ነው፤ ወንበሩ የታጣ እንደ ሆነ ግን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። የዚህ ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይመስለንም። ሥር የሰደደ ንቀት ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያሉ መስደብ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን አጥብቀው ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! ስድቡ ከአፋችን ቢቀንስ እንኳ ከልባችን አልወጣም፤ አሁን «የተማረ ሰው ዶማ ይዞ ያሳፍራል» የሚል የክብር ልብስ ለብሷል።

«ዓለም የሥራ ክፍፍል ላይ ደርሷል፤ ሐኪም ሸማ ልሥራ ቢል በሽተኛው ይሞታል» የሚል ጓደኛ እንደሚነሣብን እናውቃለን። እውነቱን ነው። ሐኪሙ ሸማኔ ይሁን አላልንም፤ መኪናና ኮምፒዩተርም ይቅር አላልንም። የምንለው ሌላ ነው። ነገ ስለ እርሻ ዕቅድ የሚጽፈው ሰው ዛሬ አንዲት መደብ ጎመን ከአረም አውጥቶ ይወቅ፤ ስለ ውሃ የሚወስነው ሰው እንስራ ምን ያህል እንደሚከብድ ይወቅ ነው። ሰው ሁሉ በሰው ይኖራል። ነገር ግን የማን ጉልበት እንደሚያኖረው የሚያውቅ ሰው ለዚያ ጉልበት ተገቢውን ዋጋ ይከፍላል፤ የማያውቅ ግን ይንቀዋል።

ከተፈጥሮ ጋር መቀራረብም እንዲሁ የሥራ ጉዳይ ነው። በኮንሶ ተራራ ላይ በድንጋይ የተካቡት እርከኖች አንዳንድ ቦታ እስከ አምስት ሜትር ቁመት ይደርሳሉ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር ከሃያ ትውልድ በላይ የለፋበት ሥራ ነው። የኮንሶ ሰው ተፈጥሮን የሚወደው በመስኮት እያየ አይደለም፤ ጎርፍ የናደውን ካብ መልሶ እየካበ ነው። እኛስ? በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ለመትከል እንወጣለን፤ ዘፍነን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን። መትከሉ ይበል የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ ሳይሆን ዝናቡ ካቆመ በኋላ በበጋው ነው። በጥር ወር ጆንያ ውሃ ይዞ የሚመለስ ማነው? ሳይሆን፣ አንዲት ጀሪካን እንኳ ይዞ የሚመለስ ማነው? ብለን እንጠይቃለን።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከመኝታ ቤቶቻችን ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ማኅበሩ ከአስተዳደሩ ጠይቆ በየሕንፃው ያከፋፍል። ጎመን፣ ቆስጣና ሽንኩርት እናብቅልበት፤ ከምግብ አዳራሹ የሚጣለው ትርፍራፊም ማዳበሪያ ይሁን። ከየሰዉ የሚፈለገው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ውሃ መቅዳቱና ማጠቡ ለሴቶች ልጆች፣ ማዘዙ ለወንዶች እንዳይሆን ግን ደንብ ይጻፍለት። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን ጫማ ሰፊውን፣ ሸማኔዋን፣ ሸክላ ሠሪዋን ጋብዘን እነርሱ ያስተምሩን፤ አበል ይከፈላቸው፣ በዚያም ቀን «መምህር» ተብለው ይጠሩ። ሦስተኛ፣ ችግኝ የተከለ ተማሪ ሁሉ ስሙ ይመዝገብ፤ ከዓመት በኋላ የጸደቀውና የደረቀው ተቆጥሮ በዚሁ መጽሔት ይውጣ።

ይህ አገር አያቀናም፣ ከችግርም ሁሉ አያድንም። የጓሮ ጎመን የሥራ አጥነትን ጥያቄ አይመልስም፤ መንግሥትንም ከኃላፊነቱ ነጻ አያወጣውም። ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያልን ስናበቃ ጠዋት ከምንበላው እስከ ማታ ከምንለብሰው ሁሉ በማናውቀው ሰው ላብ መኖራችንን ያሳየናል፤ ያን ሰው ዐይኑን አይተን እንድናነጋግረውም ያበቃናል። ለምንማር ሰዎች ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ ለውይይት እናቀርባለን። የሚቃወመን ይምጣና ይከራከረን፤ በክርክር ማንም አይጎዳም። የሚደግፈን ግን እጁን ለማውጣት ብቻ አይምጣ። ዶማ ይዞ ይምጣ።